ግድግዳው ላይ ያሉት ሦስት ሞተሮች፦ አንድ ትንሽ ሠሪ ዋጋውን እንዴት ያውጣ?

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን ከሚጀምርበት ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ብየዳ ቤት አለ። ሦስት ወጣቶች ይሠሩበታል። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ሦስተኛው አብሯቸው ቴክኒክና ሙያ የተማረ ጓደኛቸው ነው። ቀን ቀን የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳሉ። ማታና እሁድ ግን ሞተር ይሠራሉ። ጥገና ማለቴ አይደለም። ከባዶ ቱቦ ተነስተው የራሳቸውን ሞተር ነው የሚሠሩት። በባትሪ የሚሄድ፣ ጎንበስ ብለው የሚነዱት የስፖርት ሞተር።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ለትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ እይዛለሁ። ሞተር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ስለዚህ እዚያ ቤት ከገባሁ ቶሎ አልወጣም። ባለፈው ክረምት ታላቅየው ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዋጋ አውጣልን። ሰው ቀብድ ካልከፈልኩ እያለን ነው» አለኝ።

ስማቸውን አልጠቅስም፤ እነሱም እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ቁጥሮቹን ግን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ለሌላ ሠሪ ይጠቅማል ብለው ነው።

ስሄድ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሳሉ ሦስት ሞተሮች ተለጥፈዋል። የመጀመሪያው ተሠርቶ አልቋል። መሬት ላይ ቆሟል፣ ይሄዳል። ከሥሩ 480 ሺህ ብር ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ቀለል ያለ የከተማ ሞተር ነው። ከኋላው የዴሊቨሪ ሳጥን ይጫንበታል። ከሥሩ 190 ሺህ ብር ይላል። ሦስተኛው ለኮረኮንች መንገድ እንዲሆን ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሳለ ነው። ከሥሩ «በቅርቡ» ይላል። ቀብድ እንክፈል የሚሉት አምስት ሰዎች የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ገና ያልተሠራውን።

ጥያቄው እንግዲህ ይኼ ነበር። ቀብዱን ይቀበሉ ወይስ አይቀበሉ? ከተቀበሉስ በስንት ብር?

ሒሳቡን ከመጀመሬ በፊት አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። የሌላ አገር ታሪክ ነው። ግን በዚያ ታሪክ ውስጥም ሦስት ሞተሮች አሉ።

የኢስት ትሮይ ሰውዬ

ኤሪክ ቡኤል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን የሚባለው ትልቅ የሞተር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፤ በሞተር ውድድርም ተሳትፏል። በ1983 የራሱን ሥራ ጀመረ። (በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመቶች የፈረንጆች ናቸው።) በኋላ ስሙ የታወቀው ኢስት ትሮይ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ከሚልዋኪ ከተማ ወጣ ብላ ትገኛለች። እንደ ቱሉ ዲምቱ የከተማ ዳርቻ መሆኗን ስነግራቸው ታናሽየው ፈገግ አለ።

የሰውዬው ሐሳቦች ዛሬም ያስደንቁኛል። ነዳጁን ለብቻው መያዣ ከመሥራት ይልቅ አልሙኒየም ሻንሲው ውስጥ ጨመረው። ማርሚታውን ከሞተሩ ሆድ ሥር አደረገው። የፊት ፍሬን ዲስኩን ከጎማው መሃል አንስቶ የቸርኬው ጠርዝ ላይ አሰረው። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፦ ክብደቱን ወደ መሃል መሰብሰብ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ባትሪያቸውን ወዳስቀመጡበት ቦታ ተያዩ። ማንም ሳይነግራቸው እነሱም መሃል ላይ ነው ያስቀመጡት።

ሃርሊ ዴቪድሰን በ1990ዎቹ ቡኤል ከሚባለው የሰውዬው ድርጅት ድርሻ ገዛ። ቀስ በቀስም ጠቀለለው። በዚያ ዘመን ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ሞዴልም ወጥቶ ነበር። ብላስት ይባላል። 492 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስቶን፣ ከ2000 እስከ 2009 የተሸጠ። ከኋላው የትልቅ ፋብሪካ ገንዘብና ሻጭ ስለነበረው ያን ያህል ዘመን መቆየት ቻለ። በጥቅምት 2009 ግን ሃርሊ ቡኤልን ዘጋው። እስከዚያ ከ136 ሺህ በላይ ሞተሮች ተሠርተው ነበር።

ሰውዬው አልተቀመጠም። እዚያው ኢስት ትሮይ ኤሪክ ቡኤል ሬሲንግ የሚባል አዲስ ድርጅት ከፈተ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ 1190አርኤስ የሚባል ሞተር አወጣ። በመቶ ብቻ የተወሰነ ነበር። ዋጋው ወደ 40 ሺህ ዶላር። ይህን የሚገዛው ሀብታም ሰብሳቢ ነው እንጂ ተራ ነጂ አይደለም። ግን ለትንሽ ሠሪ እንዲህ መጀመር ስህተት አይመስለኝም። ብዛት ስለሌለህ ርካሽ ልታደርገው አትችልም። ስለዚህ ለጥቂት ሰው በውድ ትሸጣለህ። ሥራህንም ትማርበታለህ።

ሁለተኛው 1190አርኤክስ ነው። በ2013 መጨረሻ ይፋ ሆነ። ባለ ሁለት ፒስቶን፣ 1190 ሲሲ፣ 185 የፈረስ ጉልበት። ነዳጅ ሳይሞላ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋጋው 18,995 ዶላር። በአንድ እርምጃ ከግማሽ በላይ ወረደ ማለት ነው። በ2014 ደግሞ 1190ኤስኤክስ መጣ፤ 16,995 ዶላር። ይህኛው ያው አርኤክስ ነው። የፊት ልብሱ፣ ማለትም ነፋስ የሚከላከለው ሽፋን፣ ወልቆለታል፤ መሪው ከፍ ብሏል። ሞተሩ ያው፣ ሻንሲው ያው፣ ፍሬኑ ያው።

እዚህ ጋ ልጆቹን አቆምኳቸው። «ዋጋው እንዴት እንደወረደ አያችሁ? አዲስ ነገር በመሥራት አይደለም። ያለውን በመቀነስ ነው» አልኳቸው። ለትንሽ ሠሪ ርካሽ ሞዴል ማለት አዲስ ሞዴል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ሞዴል ልብሱን አውልቆ ማለት ነው። የኢስት ትሮዩ ሰው ይህን በትክክል ገብቶት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ለምን አልሆነለትም?

አንደኛ፣ 18,995 ዶላር ለእሱ ርካሽ ቢሆንም ለገዢው ርካሽ አልነበረም። በዚያ ዘመን የጃፓን ፋብሪካዎች የሊትር (1000 ሲሲ) ስፖርት ሞተር ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይሸጡ ነበር። እነሱ በየከተማው ሻጭ አላቸው። መለዋወጫቸው በማግስቱ ይገኛል። ገዢው በሁለቱ መካከል ሲመርጥ ያሰበው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። «ከሁለት ዓመት በኋላ የፍሬን ዲስኩን ከየት አገኛለሁ?» ብሎም አስቧል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ብዙ ቦታ ተበተነ። በ2013 የሕንዱ ሄሮ ሞቶኮርፕ 49.2 በመቶ ድርሻ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሄሮ በብዛት በዓለም ቀዳሚ የሆነ ባለ ሁለት ጎማ አምራች ነው። ከሄሮ ጋር ለሕንድ ገበያ የሚሆን ኤችኤክስ250አር የሚባል 250 ሲሲ የስፖርት ሞተር ተነደፈ። በ2014 ዴልሂ ላይ ለሕዝብ ታየ። በዚያው ዓመት ቡድኑ በዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና ይወዳደር ነበር። ኤኤክስ የሚባል ለረጅምና ለሸካራ መንገድ የሚሆን ሦስተኛ ሞዴልም እንደሚመጣ ተነግሯል። ያም በተመሳሳይ ሞተር ላይ።

ኤኤክስ ገበያ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ኤችኤክስ250አርም አልተሸጠም። በሚያዝያ 2015 ድርጅቱ ሥራ አቆመ። ዕዳው ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 126 ሠራተኞች ከሥራ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበለው። ንብረቱን በ2016 መጀመሪያ ሌላ ድርጅት ገዛው። ሞተሮቹ ከቀድሞው በብዙ ሺህ ዶላር ዝቅ ባለ ዋጋ ተሸጡ። በ2017 ምርቱ እንደገና ቆመ። በ2021 የቡኤል ስም ተመልሶ ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ ላይ ሥራ ጀመረ። ያኔ እስከ 2024 ድረስ 10 ሞዴል እናወጣለን ተብሎ ታወጀ። 2024 አለፈ። 10 ሞዴል ገበያ ላይ አልታየም።

ይህን የምለው ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ያን ሁሉ መሰናክል አልፎ ሞተር የሚሠራ ሰው ክብር ይገባዋል። ያሳዘነኝ ገዢው ነው። በ18,995 የገዛ ሰው ሞተሩ ቤቱ ቆሞ ዋጋው ሲወርድ አየ። መለዋወጫ የሚሸጥለት ይኑር አይኑር እያሰበ ከረመ።

190 ሺህ ከየት መጣ?

ታናሽየው «እኛ ግን ዕዳ የለብንም» አለ። እውነት ነው። ቀብድ ከተቀበሉ ግን ይኖርባቸዋል። ቀብድ ዕዳ ነው። ወለድ ስለሌለው ብቻ ዕዳ አይመስልም።

«190 ሺህን ማን አወጣው?» አልኩ።

«ገበያ ላይ ያየነው ነው። ከውጭ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አካባቢው ላይ ናቸው።»

እንዲህ ዓይነት ዋጋ በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ ውስጥ አይቻለሁ። የጎረቤትን ዋጋ አይቶ የራስን ዋጋ መጻፍ። ጎረቤትህ ግን ኮንቴይነር ሙሉ ያስገባል። አንተ ከነጋዴ አንድ አንድ ትገዛለህ። መንግሥት ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የቀረጥ ማበረታቻ አድርጓል። ማበረታቻው ሲወጣ ሙሉ ለሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ቀረጥ አልነበረም፤ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ግን ጥቅሙ የሚደርሰው ለሚያስገባው ነው። ልጆቹ ባትሪውን የገዙት ከአስመጪው ሳይሆን ከነጋዴ፣ ከነትርፉ ነው።

ቁጭ ብለን ደረሰኝ በደረሰኝ ቆጠርን። ሁለት እሁድ ፈጀብን። ግማሹ ደረሰኝ በብየዳ ብልጭታ ተቃጥሏል። የመጀመሪያው ሞተር የጨረሰው 391 ሺህ ብር ነው። የእጅ ሥራ ሳይቆጠር። ባትሪው ብቻ 170 ሺህ። የፊት አሞርዛተሩ ከወደቀ አሮጌ ሞተር የተነሳ ስለሆነ ርካሽ ነበር። ግን ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ይገኛል ማለት አይደለም። የፋይበር ልብሱን ያወጡበት ቅርጽ ደግሞ 60 ሺህ ብር ፈጅቶ ነበር። መዝገብ ውስጥ ጭራሽ አልገባም። ይህ 60 ሺህ አንድ ሞተር ብቻ ከተሠራ ሙሉውን በአንዱ ላይ ያርፋል። በአሥር ሲካፈል 6 ሺህ ይሆናል። በመቶ ሲካፈል 600 ብር። ብዛት ማለት ይኼ ነው። ሄሮ የሚረክስበት፣ ኢስት ትሮይ የሚወደድበት ምክንያት ሌላ አይደለም።

ከዚያ ሁለተኛውን ሞተር በኢስት ትሮይ መንገድ ሞከርነው። ሻንሲው ያው ይሁን። ባትሪው ይነስ፤ 75 ሺህ ይቀንሳል። የፋይበር ልብሱ ይውለቅ፤ 38 ሺህ። ከፊት ሁለት ዲስክ ቀርቶ አንድ ይሁን፤ ከሌሎች ትንንሽ ነገሮች ጋር 22 ሺህ። ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር አነስተኛ ይሁን፤ 26 ሺህ። የቀረው 230 ሺህ ብር ነው።

ብየዳ ቤቱ ጸጥ አለ። 190 ሺህ ብር ብለው የጻፉት ሞተር ዕቃው ብቻ 230 ሺህ ይፈጃል። በእያንዳንዱ ላይ 40 ሺህ ብር ከኪሳቸው ሊጨምሩ ነበር። በአምስቱ 200 ሺህ። ጉልበታቸው፣ ኪራዩና መብራቱ ሳይቆጠር። ቀብዱን ተቀብለው ቢሆን የሁለተኛውን ሰው ቀብድ ለመጀመሪያው ሰው ባትሪ ያውሉት ነበር። የአምስተኛው ሰው ሞተር ከየት ይመጣል?

ሌላም ነገር አለ። ባትሪው የሚገዛው በዶላር ነው። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ዛሬ በብር ዋጋ መጻፍ በሌላ ሰው እጅ ያለን ነገር ቃል መግባት ነው። ግድግዳ ላይ መጻፍ እንኳ አያስፈልግም ነበር። የሚያየው ሰው ያምናል።

ገዢው ማን ነው?

ስለ መጀመሪያው ሞተር ሳልናገር አላልፍም። ቆንጆ ነው። ነድቼዋለሁ። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ያ የ185 ፈረስ ጉልበት ሞተር ቱሉ ዲምቱ ቢመጣ ወደ 150 ይወርድ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። ዳገቱን ሲወጣ አይደክምም። ልጆቹ ይህን ያገኙት በወረቀት አይደለም፤ የአካባቢውን አቀበት ደጋግመው ወጥተው ነው።

ግን በ480 ሺህ ብር የሚገዛው ማን ነው? ከ2011 ማብቂያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ አይነዳም። ለደስታው እሁድ እሁድ የሚነዳ ወጣት ገበያው ጠበበ። የቀረው በሞተር እንጀራ የሚበላው ነው፤ ምግብና ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ። እሱ የሚጠይቀው ፍጥነት አይደለም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሊብሬ አለው? ባትሪው ቀኑን ሙሉ ያደርሰኛል? ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?

ቦክሰር የሚባለው የቤንዚን ሞተር በየክፍለ ሀገሩ የነገሠው ለዚህ ነው። ካንዴላውም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ሰንሰለቱም በየትኛውም ትንሽ ከተማ ይገኛል። ጎሚስታው ሳይቀር ያውቀዋል። የአንድ ሞተር ዋጋ የተገዛበት ብቻ አይደለም። ቆሞ የዋለበት ቀንም ዋጋ ነው። ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ሦስት ቀን ከቆመ የቤት ኪራዩ ይጎድላል።

የልጆቹ ሞተር ደግሞ ሊብሬ የለውም። ሰሌዳም የለውም። የሚነዳው ግቢ ውስጥና ከኋላ ባለው ሜዳ ነው። ወረቀቱን ጀምረውት ነበር። አንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ላካቸው፣ ያም መለሳቸው፤ ሰልችቷቸው ተዉት። ሊብሬ የሌለው ሞተር ላይ ቀብድ መቀበል ግን ከዋጋው ስህተት የባሰ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ግን ያልኩትን አልመለስኩም።

ታናሽየው አልወደደውም። «ጋሼ፣ አንተ ሕልማችንን ልትሰርዝ ነው የመጣኸው» አለኝ። ልቤን ነካኝ። እኔ የመጣሁት ሕልሙ ከሁለት ዓመት በኋላም በሩ ክፍት ሆኖ እንዲገኝ ነው። ይህን በቃል ማስረዳት አልቻልኩም። ታላቅየው ነው ያስረዳው፤ ላጲስ አንስቶ 190 የሚለውን አጠፋ። በቦታው 265 ብሎ ጻፈ። 230 ሺህ ለዕቃ፣ 35 ሺህ ለጉልበትና ለኪራይ። ከጎኑም «ሊብሬ ሲወጣ» ብሎ ጨመረ።

አምስቱን ሰዎች ጠርተው እውነቱን ነገሯቸው። ሦስቱ ተመለሱ። እነሱን መውቀስ አይቻልም፤ በዚያ ብር ዛሬውኑ የሚነዱት ሞተር ያገኛሉ። ሁለቱ ግን ቆዩ። አንደኛው ለምን እንደቆየ ጠየቅኩት። «ሲበላሽ የሠራው ሰው እዚህ ነው ያለው፤ ቤቴም እዚህ ነው» አለኝ። እሱና ጓደኞቹ የዴሊቨሪ ልጆች እቁብ አላቸው። እቁቡ ሲደርሰውና ሊብሬው ሲወጣ ሙሉውን በአንዴ ይከፍላል። ማንም የማንንም ገንዘብ አልያዘም።

አሁን እሁድ እሁድ ሁለተኛውን ሞተር እየሠሩ ነው። ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ የሚያመጣው የመስኮት ፍርግርጉ ነው። ከእያንዳንዱ የሚሰበር ዕቃ ሁለት ሁለት ገዝተው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋል፤ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የኮንትሮለር ገመድ። መደርደሪያውን የሠራው ታናሽየው ነው። ታላቅየው የወረቀቱን ጉዳይ እንደገና ጀምሯል። በሳምንት አንድ ቀን ሥራ አቁሞ ይሄዳል። እኔም ሁለት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ።

የኮረኮንቹን ሞተር ንድፍ ከግድግዳው እናንሳው ብለው ነበር። ታናሽየው እምቢ አለ። ከሥሩ ያለውን «በቅርቡ» የሚለውን ቃል ግን ራሱ በላጲስ አጠፋው።